«ስምንቱ ጆንያ እንቅልፍ ነሳኝ»

ደብዳቤው

አሰላሙ አለይኩም እትዬ፣ እንደምን አሉ?

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ 27 ዓመቴ ነው። ናይሮቢ ነው የምሠራው፤ ፓይለት ነኝ። ይሄን የሰማ ሁሉ «ማሻአላህ» ይላል። እኔ ግን ቃሉን ስሰማ ሆዴ ይረበሻል።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ዕድሜውን መንገድ ላይ ነው የጨረሰው። የበረራ ትምህርቴን ለመክፈል ኤፍኤስአሩን ሸጠ። አጎቴም ደሴ ሮቢት የነበረችውን ቤቱን ሸጦ ጨመረበት። ናይሮቢ ተምሬ በ210 የበረራ ሰዓት የንግድ አብራሪ ላይሰንስ ይዤ ወጣሁ። ከዛ ድፍን አንድ ዓመት ሥራ አጣሁ። ሲቪ ያላስገባሁበት የለም፤ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፣ «ሰዓትሽ ትንሽ ነው»። ሰዓት የሚገኘው ደግሞ ሥራ ሲገኝ ነው።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ የጭነት አየር መንገድ በረዳት አብራሪነት ቀጠረኝ። ዘጠኝ ወሬ ነው። የምንበረው ሴስና ካራቫን ነው፣ ባለ አንድ ሞተር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ዊልሰን ኤርፖርት እሄዳለሁ። በብዛት የምንጭነው ጫት ነው፣ አልፎ አልፎ መድኃኒትና መለዋወጫ ዕቃ። ጫኝ ካነሰ ጆንያ አብሬ እገፋለሁ፣ መረብ አስራለሁ። ደሞዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለምግብ ያህል ነው። ለእናቴ የምልከውን ብር ከጓደኛዬ ተበድሬ የላኩበት ወር አለ።

ቤተሰቤ ይሄን አያውቅም። ትልቅ አየር መንገድ ገብታ ሰው ታመላልሳለች ነው የሚሉት። ለኢድ ስመጣ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሰበሰበች። አንዷ «ከቦሌ ኮምቦልቻ ስትመጪ አንቺ ነሽ የነዳሽው?» አለችኝ። ሳቅኩና ዝም አልኩ። ወንድሜ ብቻ ነው እውነቱን የሚያውቀው። «በአባባ መኪና ብር ሄደሽ አንቺም ጭነት ላይ ወደቅሽ» አለኝ። ለቀልድ ነው፣ ግን ገባኝ።

አሁን የጻፍኩልዎት በሌላ ምክንያት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የጭነት ወረቀቱ 40 ጆንያ ይላል። እኔ ስቆጥር 48 ነው። አንዱ ጆንያ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለካፒቴኑ ነገርኩት። «ሁሌ እንደዚህ ነው፣ ይሄ አውሮፕላን ጠንካራ ነው፣ አትጨነቂ» አለኝ። ፈረምኩ። ተነሳን፣ በሰላምም አረፍን። ግን ስንነሳ ማኮብኮቢያው አላልቅ ያለ መሰለኝ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ የለኝም።

በዚህ መሀል ድርጅቱ የሦስት ዓመት ውል ፈርሚ፣ ካፒቴን እናደርግሻለን ብሎኛል። ቀድሜ ከለቀቅኩ የሥልጠና ወጪ እከፍላለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ተይው ነይ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቢሮ ሥራ አለ» ይለኛል። ልፈርም? ልመለስ? ለአባቴስ ምን ልበለው?

ሰ. ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልሱ

ወአለይኩም ሰላም የኔ እህት።

ከስምንቱ ጆንያ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል። ውሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለው፣ አባትሽም አሉ። ነገ ሌሊት ግን ተመልሰሽ ማኮብኮቢያው ላይ ልትቆሚ ትችያለሽ፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እናውራ።

እንቅልፍ ማጣትሽን እንደ ድክመት እንዳታዪው። አንዳንድ ሰው ሥራውን ስለማይችል ይጨነቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስለሚያውቀው ይጨነቃል። አንቺ ቆጥረሻል። ሰው በማይቆጥርበት ሰዓት፣ በሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን ቆመሽ 48 ቆጥረሻል። የቆጠርሽውም ልክ ነው፤ ስምንት ጆንያ በ25 ኪሎ 200 ኪሎ ነው። ካራቫን ተጭኖ፣ ነዳጁም ሰውም ገብቶ ሲነሳ ጠቅላላ ክብደቱ አራት ቶን ገደማ ላይ ያበቃል፣ ከዛ በላይ አልተፈቀደለትም። ለአባትሽ መኪና 200 ኪሎ ምንም ነው። ለካራቫን ግን ወረቀት ላይ የሌሉ ሦስት ጎልማሳ ሰዎች እንደ ማለት ነው።

ቦታውም አለ። ናይሮቢ ዊልሰን ከባሕር ጠለል በላይ 1,690 ሜትር ገደማ ነው፣ ከኛ ከኮምቦልቻ ብዙም አያንስም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ያነሰ ያነሳል፣ ሞተሩም ይደክማል፣ ለመነሳት የሚሮጠው ርቀት ይረዝማል። የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ይገባዋል። የሞላ መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ እግረኛ እስኪቀድመው ይጎተታል፣ ግን ቢደክመው ዳር ይዞ ይቆማል። አውሮፕላን ዳር የለውም። «ማኮብኮቢያው አላልቅ አለኝ» ያልሽው እንዲሁ መስሎሽ አይደለም። የመነሻ ርቀቱ የተሰላው በ40 ጆንያ ነው፣ የሮጣችሁት በ48።

ደግሞ ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ የት ተቀመጠ የሚለውም አለ። አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በ2005 ዓ.ም. አፍጋኒስታን ባግራም ላይ አንድ ግዙፍ የጭነት ቦይንግ 747 ሲነሳ ከጫናቸው ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ቢያንስ አንዱ ከእስሩ ተላቆ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሰባቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ይሄን የማነሳው ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፣ አንቺ ቀድመሽ ፈርተሻል። የተሳሳተው «አትጨነቂ» ያለሽ ሰው እንጂ አንቺ እንዳልሆንሽ እንድታውቂ ነው።

ስለ ረዳት አንድ ነገር ልንገርሽ።

እኔ ደሴ ነው ያደግኩት። ታላቅ ወንድሜ የአሰብ መስመር ረዳት ነበር፣ በተሳቢ። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ እያሉ አሰብ። ምናልባት አባትሽም በዛ ዘመን እዛው መንገድ ላይ ነበሩ። ወንድሜ ቤት ሲመጣ እጁ ላይ ያለውን ጥቁር ዘይት እናቴ በአመድ ትፈትገው ነበር፣ አይለቅም። ረዳት ሲባል ሰው ጎማ የሚቀይርና ዕቃ የሚያወርድ ልጅ ይመስለዋል። ወንድሜ ግን ሥራው ሌላ እንደሆነ ነግሮኛል። ዳገት ላይ መኪናው ትንሽ ካንገራገረ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘላል፣ ከጎማው ሥር ይወሽቃል። ኋላ የሆነ ነገር ካየ ደግሞ ቆርቆሮውን በመዳፉ ይደበድባል፣ ድብ ድብ። ሹፌሩ ሃያ ዓመት የነዳም ቢሆን ያን ድምፅ ከሰማ ይቆማል። ቆሞ ይሰድበው ይሆናል። ግን መጀመሪያ ይቆማል።

ያንቺ የሥራ ስም ምንድነው? ረዳት አብራሪ። ከሁለት ሰው አንዱ ሲሳሳት ሌላው ቆርቆሮውን እንዲደበድብ ነው የተቀመጥሽው። ይሄን የአቪዬሽኑ ዓለም በደም ነው የተማረው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ቴነሪፍ ደሴት ላይ ሁለት 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሞተ። ጭጋግ ነበር። ሊነሳ የሚሮጠው አውሮፕላን ውስጥ ያለው የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፣ ትልቁ ካፒቴን ግን በእርግጠኝነት መለሰለት፣ እሱም ዝም አለ። ከዛ በኋላ ነው ትንሹ ሰው ድምፁን እንዲያሰማ፣ ትልቁም እንዲሰማ ማሠልጠን በዓለም ዙሪያ የተለመደው። አንቺም ተምረሽዋል። ፈተናውን ያለፍሽበት ትምህርት ነው፣ ከባዱ ግን በሃምሳ ዓመት ሰው ፊት፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሥራሽን እንዳታጪ እየፈራሽ መናገሩ ነው። አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ መናገር ከልጅነታችን ያልተማርነው ነገር ነው፤ በኛ ቤት ደግሞ ሴት ልጅ ከሆንሽ ይብሳል።

ስለዚህ ንግግሩን አቅልይው። «ተሳስተሃል» ማለት የለብሽም። ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ መሬት ላይ ቆማችሁ፣ «ካፒቴን፣ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር አልገጠመልኝም፣ አንዴ አብረን እንቁጠር» በይው። «አብረን» የምትለዋን አትርሺ። እምቢ ካለ «እንግዲያው ወረቀቱን በትክክለኛው ቁጥር እናስተካክለውና ስሌቱን እንደገና እንሥራ» በይ። ስሌቱ በ48 ከወጣና ከገደቡ በታች ከሆነ በሰላም ትሄዳላችሁ። ካልወጣ ስምንቱ ይወርዳሉ። የማታምኚበት ወረቀት ላይ ግን ከእንግዲህ አትፈርሚ። ይሄ አንዱ ነገር ላይ አልደራደርሽም። «ካልፈረምሽ ውጪ» ቢሉሽ እንኳ ውጪ፣ ኮምቦልቻ ቤት አለሽ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልሱን ለራስሽ መልሺ። እንደዚህ የሚያደርገው እሱ ካፒቴን ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ናቸው? ከሌሎቹ ጋር ስትበሪ ወረቀቱና ጆንያው ይገጥማል? ይሄ ጥያቄ ለኔ ከውሉ በላይ ነው። አንድ ሰው ከሆነ ችግሩ የአንድ ሰው ነው፣ ለዋና አብራሪው ወይም ለደህንነት ኃላፊው ይነገራል፣ ይስተካከላል። ሁሉም ከሆኑ ግን ድርጅቱ እንጀራውን የሚጋግረው በዛ ስምንት ጆንያ ላይ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ካፒቴን ብትሆኚ፣ የነገዋን ረዳት «አትጨነቂ» የምትያት አንቺ ትሆኛለሽ።

ለማወቅ ሦስት ሳምንት ይበቃሻል። ትንሽ ደብተር ግዢ፣ የግልሽ። በየቀኑ ጻፊ፦ ቀኑን፣ የአውሮፕላኑን ቁጥር፣ ወረቀቱ ያለውን፣ አንቺ የቆጠርሽውን፣ ማን እንደነበረ። ስልክሽ ላይ ሳይሆን ደብተር ላይ። ከዛ ለደህንነት ኃላፊው በጽሑፍ ስጪ፣ በአፍ የተነገረ ነገር በማግስቱ አልተባለም ይባላል። ውስጥ ለውስጥ ካልሆነ የአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አለ፤ በዓለም አቀፉ ደንብ አገሮች የደህንነት ችግር በፈቃደኝነት የሚጠቆምበት፣ ጠቋሚውም የሚጠበቅበት መንገድ እንዲኖራቸው ይጠበቃል። መጀመሪያ እዛ ሩጪ አልልሽም። ግን መኖሩን እወቂ፣ ሰው በር እንዳለው ሲያውቅ ወገቡ ይጠነክራል።

አሁን ወደ ውሉ።

ውል መጥፎ ነገር አይደለም። ትልልቆቹም ያስፈርማሉ፣ አሠልጥነው ሰው እንዳይሄድባቸው ይፈልጋሉ፣ ገንዘብ አውጥተዋልና መብታቸው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ምን ተጽፏል የሚለው ነው። ውሉን ቤትሽ ይዘሽ ሂጂ፣ «እዚሁ ፈርሚ» ካሉሽ ያ ራሱ መልስ ነው። ስታነቢው እዳው በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ በሠላሳ አምስተኛው ወር ብትወጪም ሙሉውን ትከፍያለሽ? ብሩ ስንት እንደሆነ ተጽፏል ወይስ «የሥልጠና ወጪ» ብቻ ብሎ ዘሎታል? እነሱ ቢያሰናብቱሽስ? ድርጅቱ ቢዘጋስ? ካፒቴን የምትሆኚው መቼ ነው፣ በስንት ሰዓት፣ ተጽፏል ወይ? «እናደርግሻለን» ቃል ነው፣ ቃልን ደግሞ ሦስት ዓመት አይታሰሩለትም። ላይሰንስሽን፣ ፓስፖርትሽን ወይም የበረራ ሰዓትሽ የሚመዘገብበትን ሎግ ቡክሽን «እኛ ጋ ይቀመጥ» የሚል ነገር ካለ አትፈርሚ። እዛው ናይሮቢ አንድ ጠበቃ ለአንድ ሰዓት አማክሪ፣ ብሩን ከኔም ቢሆን ተበደሪ ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ከጓደኛሽ ተበድረሽ ለእናትሽ ከምትልኪው ወር አንዱን ለዚህ አውይው። እናትሽ ቢያውቁ ይህንኑ ነበር የሚሉሽ።

ስለ ሰዓትሽም ላንሳ፣ ምናልባት ማንም አልነገረሽ ይሆናል። ካራቫን በአንድ አብራሪ ብቻ እንዲበር የተፈቀደለት አውሮፕላን ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አውሮፕላን ላይ ረዳት ሆነሽ የበረርሽው ሰዓት ለከፍተኛው ላይሰንስ ሲቆጠር፣ በዓለም አቀፉ ደንብ፣ መንግሥቱ ረዳት ይኑር ብሎ ካስገደደ እስከ ግማሹ ብቻ ነው የሚያዝልሽ። የየአገሩ አቆጣጠር ደግሞ ሊለያይ ይችላል። ይሄ ልብሽን እንዳይሰብረው፣ ግን ዛሬውኑ ዋና አብራሪውን ጠይቂ፦ «ሰዓቴ እንዴት ነው የሚመዘገበው?» ትልቁ የትራንስፖርት አብራሪ ላይሰንስ 1,500 ሰዓት ይፈልጋል፣ የካፒቴንነት ሰዓትም ይጠይቃል። ስለዚህ ካፒቴንነቱ እውነት ከሆነና ቀኑ ከተጻፈ፣ ከደሞዙ በላይ ዋጋ ያለው እሱ ነው፤ ያኔ የምትበሪው እያንዳንዱ ሰዓት ሙሉ ነው። ቀኑ ካልተጻፈ ግን ሦስት ዓመት በግማሽ ሰዓት ልትኖሪ ነው። ሎግ ቡክሽን በየወሩ አስፈርሚ፣ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ራስሽ ጋ አስቀምጪ። የድርጅት በር በአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል፣ ያኔ ፈራሚ ፍለጋ መንከራተት ነው።

የአክስትሽ ልጅ ያለው የቢሮ ሥራ ክፉ አይደለም። እኔ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠርተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ልጆች አውቃለሁ። ግን ዋጋውን እያወቅሽ ምረጪው። አንቺ ዕድሜ ላይ የአብራሪ የጤና ምርመራ በየ12 ወሩ ይታደሳል፣ ካልበረርሽ ደግሞ ከወራት በኋላ እንደገና ፈተናና ሲሙሌተር ነው፣ እሱም በራስሽ ኪስ። አንድ ዓመት ቁጭ ካልሽ ሁለተኛ ኤፍኤስአር የሚሸጥ የለም። ስለዚህ ልመለስ ብትዪ ደክሞሽ ሳይሆን ወስነሽ ተመለሺ። ደክሞሽ ከሆነ የሚያስፈልግሽ እረፍት ነው፣ አሥር ቀን ፈቃድ ጠይቂና ነይ።

በዚህ መሀል ሌላ ቦታ ማመልከትሽን አትተዪ። የዛሬ ዓመት ስታመለክቺ 210 ሰዓት ነበረሽ፣ ዛሬ ሌላ ሰው ነሽ። ዘጠኝ ወር ሌሊት ተነስተሽ፣ በእውነተኛ የአየር ጠባይ፣ በእውነተኛ ጭነት በርረሻል።

ወንድምሽ «ጭነት ላይ ወደቅሽ» አለኝ ብለሻል። ቀልድ ነው ብትዪም ገብቶሻል፣ እኔም ገባኝ። በ1977ቱ ድርቅ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች መኪና ወደማይደርስበት ደጋ ዝቅ ብለው እየበረሩ ከሆዳቸው የእህል ጆንያ ሲጥሉ ነበር። የጭነት አውሮፕላን ናቸው። ከወሎ ሰው መሀል የጭነት አብራሪን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ካለ ያን ዘመን እናቱን ይጠይቅ። የኛው አየር መንገድም ቢሆን በ1938 ዓ.ም. ሲጀምር ሲ-47 በሚባሉ ከጦርነት በተረፉ አውሮፕላኖች ነው፣ ሰው ግድግዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጭነቱ መሀል ታስሮ። አምሳለ ጓሉም በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን እስክትባል ድረስ ለዓመታት ረዳት ነበረች። ረዳትነት የሚያልፉበት ቦታ ነው፣ ያለሱ የሄደ የለም።

ግን የእውነት የሚያሳፍርሽ ጭነቱ ይመስልሻል? እኔ ደብዳቤሽን ሳነበው ሌላ ነገር ነው ያየሁት። የሚከብድሽ ቡናው ላይ ዝም ያልሽው ነው። ከዛ ዝምታ በኋላ ስልክ ስትደውዪ ሁሉ አንድ ነገር እየደበቅሽ ነው የምታወሪው፣ ሲደክምሽ «ደከመኝ» ማለት አትችዪም፣ ብር ሲያጥርሽ «አጠረኝ» ማለት አትችዪም። ስምንቱን ጆንያ ያየሽ ቀን ለማን ደወልሽ? ለማንም። መጀመሪያ መደወል የነበረብሽ ሰው ኮምቦልቻ ነበሩ።

አባትሽ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭነት የጫኑ ሰው፣ ከልክ በላይ የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ምን እንደሚሆን በእግራቸው የሚያውቁ ሰው። «አንድ ኩንታል ጨምርበት፣ ምን ይሆናል» የሚል ነጋዴ ስንት ጊዜ እንደገጠማቸው፣ ስንቴ እምቢ እንዳሉ፣ ምናልባትም አንዴ እሺ ብለው ምን እንደደረሰባቸው አልነገሩሽም። አንቺም አልጠየቅሻቸውም። ይሄን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያማክርሽ ሰው ናይሮቢም አታገኚም።

ስለ ውሸቱ አስረዝመሽ ይቅርታ አትጀምሪ። ለብቻቸው ሲሆኑ ደውዪ፣ ከዒሻ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቤቱ ጸጥ ሲል። «አባባ፣ እኔ የምሠራው ጭነት ላይ ነው፣ ረዳት ነኝ፣ እስካሁን ያልነገርኩህ አፍሬ ነው» በያቸው። ከዛ ዝም በዪ። መጀመሪያ ዝም ሊሉሽ ይችላሉ፣ ትልቅ ሰው ሲከፋውም ሲገርመውም ዝም ይላል፣ ያን ዝምታ በወሬ አትሙዪው። ከዛ ስለ ስምንቱ ጆንያ ንገሪያቸው፣ አንድ በአንድ፣ ወረቀቱ ምን እንዳለ፣ አንቺ ስንት እንደቆጠርሽ፣ ካፒቴኑ ምን እንዳለሽ። ጥያቄ ይጠይቁሻል። «የት ነው የጫኑት፣ ፊት ነው ኋላ?» ማለታቸው አይቀርም።

ለእናትሽ አባትሽ ይንገሩ። ለጎረቤቱ ማንም መንገር የለበትም፣ እሱ ያንቺ ዕዳ አይደለም። የመኪናውና የቤቱ ብር ጉዳይ ደግሞ ከአጎትሽ ጋር ሌላ ቀን፣ በአካል፣ ለሚቀጥለው ኢድ ስትመጪ ይነሳል። ዛሬ ሁሉንም አታራግፊው።

የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ስለሆነ ድርጅቱን «ውሉን ለማንበብ ሦስት ሳምንት ስጡኝ» ብለሽ በኢሜይል ጻፊላቸው፣ ነገ ጠዋት ስታርፊ። እሺ ካሉ ደብተርሽ እስከዛ ይሞላል። እምቢ ካሉ አትፈርሚ፣ በነባሩ ቅጥርሽ ቀጥዪ፣ ከፈለጉ እነሱ ያሰናብቱሽ። ከዛ በኋላ የሆነውን ጻፊልኝ። በተለይ አባትሽ ያሉሽን ማወቅ እፈልጋለሁ።